በምርኮ የሞተ ወታደር ዘመዳችሁን ዕጣ ለማፈላለግ፦ ከጎንደር የሚነሣ መንገድ

አጎቴ በ1969 ዓ.ም. ከወገራ ለሚሊሺያ ተመልምሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሲገባ አያቴ ጋቢ አልብሳ ሸኘችው። ከታጠቅ ወደ ኦጋዴን ወረደ። ከዚያ ወዲያ «ሞቷል» ብሎ የመጣ ሰው የለም፤ «አለ» ያለም የለም። በ1980 ዓ.ም. ምርኮኞች ከሶማሊያ ሲመለሱ አባቴ ጎንደር መናኸሪያ እየሄደ ከየመኪናው የሚወርደውን ሰው ፊት ሲያይ ከረመ። አጎቴ አልወረደም። መርዶ ስላልተረዳን ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ተዝካሩም አልወጣ፣ ውርሱም አልተከፈተ።

እኔ ፍለጋውን የጀመርኩት አያቴ ካረፈች በኋላ ነው። ቁርጡን እስካውቅ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ ውስጥ ብዙው ጊዜ የባከነው አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ በማልሠራቸው ስሕተቶች ነው። እንደኛ ቤት ፎቶ ሰቅሎ የሚጠብቅ ቤተሰብ በደምቢያም በአርማጭሆም በዳባትም እንዳለ ስለማውቅ፣ ያለፍኩበትን መንገድ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ፦ ስሞቹን ሁሉ ሰብስቡ

ወደ የትኛውም ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ደብተር ግዙና ዘመዳችሁ የተጠራበትን ስም ሁሉ ጻፉበት። እናቱ ያወጣችለት ስም፣ ሠፈር የሚጠራው ስም፣ ቀበሌ የመዘገበው ስም፣ የክርስትና ስሙ። ከነአባቱና ከነአያቱ። ለምልመላ ሲሄድ በወንድሙ ፈንታ የገባ አለ፤ የአያቱን ስም እንደ አባት ስም ያስመዘገበም አለ። አጎቴ ሠራዊት ውስጥ የተመዘገበው እኛ ቤት ማንም በማይጠራው ስም ነበር። ይህን የነገሩን አብረውት የዘመቱ የጎረቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ቀን ባልጠይቃቸው ኖሮ እስካሁን የሌላ ሰው ስም ይዤ እዞር ነበር።

የውጭ ሰው የያዘው መዝገብ በላቲን ፊደል የተጻፈ ስለሚሆን ሌላ ጣጣ አለ። «ጸ»ን አንዱ ጸሐፊ በቲና በኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ይጽፈዋል። «ቀ» በኬም በኪውም ይገባል። ከሁሉ የከፋው «ገብረ» እና «ወልደ» ናቸው፤ ከተከታዩ ስም ተነጥለው ከተጻፉ ሰውየው «ገብረ»፣ አባቱ «ሥላሴ» ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ ስሙ በላቲን ሊጻፍ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ፣ አምስትም ይሁን ስምንት፣ አንዱን ሳትንቁ በደብተሩ ላይ ዘርዝሩ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ የሠፈር ተማሪ በግማሽ ሰዓት ይሠራላችኋል።

ከስሙ ቀጥሎ ማዕረጉን፣ የመለያ ቁጥሩን፣ ብርጌዱን ወይም ክፍለ ጦሩን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቦታ ጻፉ። ሳጥን ፈትሹ። ከግንባር የመጣ ደብዳቤ፣ የደመወዝ ውክልና፣ ከፎቶ ጀርባ ያለ ጽሑፍ ሁሉ ይጠቅማል። የቀይ መስቀል መልእክት የሚባለው፣ ክፍት ሆኖ የሚላከው አጭር የቤተሰብ ወሬ ብቻ የሚጻፍበት ቅጽ ከተገኘማ ትልቅ ነገር ነው። በላዩ ላይ ያለው ቁጥር ዘመዳችሁ የተመዘገበበት ቁጥር ሊሆን ስለሚችል እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት። ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ የሚሰጠው ኮፒው ነው።

ሁለተኛ፦ በየትኛው ጦርነት እንደተማረከ ለዩ

መዝገቡ የት እንደሚፈለግ የሚወስነው ይህ ነው።

በ1949 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት በሁለት አገሮች ጦርነት ለተማረከ ወታደር ነው የተሠራው። በአንቀጽ 17 መሠረት ምርኮኛው ሲጠየቅ የመናገር ግዴታ ያለበት ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የልደት ቀኑንና የመለያ ቁጥሩን ነው። አንቀጽ 70 ደግሞ ካምፕ በገባ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ ለቤተሰቡና ጄኔቫ ላለው ማዕከላዊ የፍለጋ መሥሪያ ቤት ካርድ እንዲጽፍ መፍቀድን ያዝዛል። ለእኛ ዋናው አንቀጽ 120 ነው። ምርኮኛ ሲሞት የያዘው አገር ማንነቱን፣ የሞተበትን ቀንና ቦታ፣ የሞቱን ምክንያት፣ የተቀበረበትን ቀንና ስፍራ፣ መቃብሩ የሚለይበትንም ምልክት ጽፎ የማስተላለፍ ግዴታ አለበት። ግዴታው ሁልጊዜ ይፈጸማል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ምን መጠየቅ እንደምትችሉ ማወቅ አለባችሁ፤ «ዘመዴ የት ደረሰ» ከሚል ጥያቄ ይልቅ እነዚህን አንድ በአንድ የሚዘረዝር ጥያቄ መልስ ያገኛል።

የሶማሊያው ጦርነት፣ ከ1969 ክረምት እስከ 1970 መጋቢት፣ በዚህ ሕግ ሥር የሚወድቅ ነው፤ ኢትዮጵያም ሶማሊያም ቀደም ብለው ስምምነቱን ተቀብለው ነበር። በዚያ የተያዙት ወታደሮቻችን እስከ 11 ዓመት ታስረዋል። የአየር ኃይሉ አብራሪ ለገሰ ተፈራን ታሪክ ያልሰማ ጥቂት ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በዚያ ዘመን እስረኞቹን ይጎበኝ ነበር፤ በ1980 ነሐሴም 3,500 ገደማ የሚሆኑትን ወደ አገር የመለሰው እሱ ነው። የዚያድ ባሬ መንግሥት በጥር 1983 ፈርሷልና ከሞቃዲሾ ፋይል ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። ተስፋ የሚጣልበት መዝገብ ጄኔቫ ያለው ነው።

እስከ 1983 የቆየው የሰሜኑ ጦርነት የውስጥ ጦርነት ስለነበር ከላይ ያልኩት የካርድና የመዝገብ ግዴታ አልነበረበትም። በአፍአቤት (መጋቢት 1980) ወይም በምጽዋ (የካቲት 1982) ለተማረከ ሰው ከወረቀት ይልቅ አብሮት የታሰረ ሰው አፍ ይበልጣል፤ ሦስተኛውን ክፍል በደንብ አንብቡት።

የ1990–1992 ጦርነት የራሱ ነገር አለው። ኤርትራ የጄኔቫ ስምምነቶችን የተቀበለችው ነሐሴ 8 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው፤ ቀይ መስቀልም እዚያ ያሉትን ኢትዮጵያውያን ምርኮኞች መጎብኘት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ተማርኮ ከዚያ ቀን በፊት የሞተ ሰው በቀይ መስቀል የጉብኝት መዝገብ ላይ ባይኖር አይግረማችሁ። ለነዚህ የሚረዳችሁ ሌላ ሰነድ አለ፦ ሄግ ተቀምጦ የነበረው የኢትዮጵያና ኤርትራ የካሳ ኮሚሽን ሰኔ 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ስለ ጦር ምርኮኞች የሰጠው ውሳኔ። ለማንም ክፍት ነው። ባሬንቱን፣ እምባካላን፣ ድግድግታን፣ አፍአቤትንና ናቅፋን ካምፕ በካምፕ እያነሣ ምግቡን፣ ውሃውን፣ ሕክምናውን ይገልጻል። የሟቾችን ስም ዝርዝር አታገኙበትም። ዘመዳችሁ የነበረበትን ካምፕ ካወቃችሁ ግን የምስክራችሁን ቃል የምታመሳክሩበት ነው። የመጨረሻዎቹ ምርኮኞች ከኤርትራ የተመለሱት በ1994 ነሐሴ ነው። ያን ጊዜም ያልተመለሰ አለ፤ በግንቦት 1990 መጨረሻ አስመራ ላይ የተማረከው አብራሪ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ከተመለሱት መካከል አልነበረም።

ሦስተኛ፦ አብሮት የታሰረውን ሰው ፈልጉ

ከሁሉ ደረጃ በላይ ጊዜና ጉልበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቢሮው ነገም አለ። በ1970 የ20 ዓመት ልጅ የነበረ ምርኮኛ ዛሬ ሰባ ዓመት ገደማ ነው።

ጎንደር ላይ የቀድሞ ወታደር የሚገኘው የት ነው? አዘዞ፣ በጦር ሰፈሩ ዙሪያ፤ በየዕድሩ፤ በየደብሩ ሰንበቴና ማኅበር። የዕድር ዳኛ ሄዳችሁ «ከሶማሌ ምርኮ የተመለሰ አባል አላችሁ ወይ?» በሉ። አንዱ ከተገኘ ሌላውን እሱ ይነግራችኋል፤ እስር ቤት የተዋወቁ ሰዎች አይጠፋፉም። እኔ ያገኘኋቸው አባት አዘዞ ይኖራሉ። እሳቸውን ለማግኘት አራት ሰው ቤት ቡና ጠጥቻለሁ።

ስትቀርቡ ቶሎ አትጠይቁ። የምርኮ ነገር ለብዙዎቹ ለልጆቻቸውም ያልተነገረ ነው። አንዳንዶቹ ሲመለሱ የተቀበላቸው ጥርጣሬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ማንነታችሁን ብቻ ንገሩና ዳግመኛ ሂዱ።

ስትጠይቁ ደግሞ መልሱን አስቀድማችሁ አትስጡ። «አጎቴ ግራ ጆሮው ጫፉ የተቀደደ ነው፣ ያውቁታል?» ብትሉ ሰው ሊያስደስታችሁ ብሎ «አዎ» ይላል። እኔ ያልኩት «አያ፣ ከወገራ የመጣ ሰው አብሯችሁ ነበር?» ብቻ ነው። ሽማግሌው ትንሽ ዝም አሉና እጃቸውን ወደ ግራ ጆሯቸው ሰደዱ። «ይቺ ጫፏ የለችም። በልጅነቱ ውሻ ነክሶት» አሉ። ሌላ ማረጋገጫ አልፈለግሁም።

ከዚያ ቀስ ብላችሁ፦ ከማን ጋር ተያዘ፣ ስንት ጊዜ ካምፕ ቀየሩ፣ ምን አመመው፣ ስንት ቀን ተኛ፣ ሲሞት ማን አጠገቡ ነበር፣ ማን ቀበረው፣ ዕቃው የት ደረሰ። «ደም ያስቀምጠው ነበር» አሉኝ፤ እሱን እንዳለ ጻፍኩት። በእናንተ ግምት የበሽታ ስም አትስጡት፤ ሐኪም ሲያነበው ይገባዋል። ስለ መቃብሩ ስጠይቃቸው ከዘራቸውን አንሥተው ግቢው አፈር ላይ ሣሉልኝ፦ ሽቦው በዚህ፣ ጉድጓድ ውሃው በዚህ፣ አንዲት ግራር፣ ከግራሯ ሦስተኛው ረድፍ። «ራሱን በምዕራብ አድርገን ነው ያስተኛነው፣ እንደ ሥርዓቱ፤ ጠባቂዎቹ አልገባቸውም» አሉ። ነፋስ ሳይበትነው በስልኬ አነሣሁት፤ ማታ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት፤ በማግስቱ ወስጄ አሳየኋቸውና አንድ ነገር አረሙልኝ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ቃሉን በስልክ ቅዱ፣ ጽፋችሁ አንብቡላቸው፣ በሁለት እማኞች ፊት ያስፈርሙ። በኋላ ፍርድ ቤት ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛ ምስክር ካገኛችሁ ለየብቻ ጠይቁ። ሁለቱ አንድ ላይ ከተቀመጡ አንዱ የሌላውን ያስታውሳል።

ገንዘብ ተቀብሎ «ዘመዳችሁን አይቼዋለሁ፣ ዛሬም በሕይወት አለ» የሚልም ይመጣል። ልብ የሚሰብር ነው። የጆሮውን ጥያቄ ጠይቁት፤ ካልመለሰ ሸኙት።

አራተኛ፦ ቀኑን አስተካክሉ

ካምፕ ውስጥ የቀን መቁጠሪያ የለም። ሰዎቹ ጊዜን የሚያስታውሱት በበዓልና በጾም ነው። ሽማግሌው ያሉኝ «ዘመነ ማርቆስ ነበር፣ የጥር ሥላሴ ማግስት። ከኛ ጋር የነበረ ዲያቆን ባሕረ ሐሳብ ስለሚያውቅ በዓላቱን እሱ ያወጣልን ነበር» ነው። ይህ ትክክለኛ ቀን ነው። በምርኮው ዘመን ማርቆስ የዋለው በ1970፣ በ1974 እና በ1978 ነው። አጎቴ የሞተው ከተያዘ በአራተኛው ዓመት ስለሆነ 1974 ይሆናል፤ የጥር ሥላሴ ጥር 7 ነው፤ ማግስቱ ጥር 8። በፈረንጅ ሲመለስ ጃንዋሪ 16 ቀን 1982።

ስሕተቴን እዚህ ላይ ነው የሠራሁት። በመጀመሪያው ማመልከቻዬ «8/5/1974» ብዬ ጻፍኩ፤ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አልገለጽኩም። የፈለገው ሰው እንደ ፈረንጅ አነበበውና ጦርነቱ ሊጀመር ሦስት ዓመት ሲቀረው የሞተ ሰው ፈለገ። መልሱ «አልተገኘም» ሆነ። ወራት ባከኑ። ቀኑን ሁልጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወሩንም በስም ጻፉ። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ ከመስከረም እስከ የካቲት 21 ድረስ የፈረንጁ ቀን በአንድ ይገፋል።

አምስተኛ፦ ቀይ መስቀል

በጎንደር ወዳለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ ሂዱና የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማገናኘት ሥራ የሚሠራውን ሰው ጠይቁ። የፍለጋ ጥያቄ ቅጽ ይሞላል። ማኅበሩ ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ይሠራል፤ ጥያቄው በአዲስ አበባ በኩል እስከ ጄኔቫ ሊደርስ ይችላል። አገልግሎቱ ነጻ ነው። «አስፈጽምልሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁን አትስሙት።

መታወቂያችሁን፣ ዝምድናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የስሞቹን ዝርዝር፣ የምስክሩን ቃል ኮፒና ፎቶ ያዙ። በሕይወት ያለ ልጅ፣ ሚስት ወይም ወንድም ካለ አመልካቹ እሱ ይሁን፤ የግለሰብ መረጃ ለቅርብ ቤተሰብ ነውና የሚሰጠው። በማመልከቻው ላይ ሦስት ነገር ለይታችሁ ጠይቁ፦ በምርኮኛነት መመዝገቡን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ፣ ሞቱ ተመዝግቦ ከሆነ የዚያ ማረጋገጫ፣ መቃብሩን የሚመለከት ማንኛውም ጽሑፍ። የተሰጣችሁን የፋይል ቁጥር ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ ስልክ ከቀየራችሁም ተመልሳችሁ አስታውቁ።

መልስ ወራት ይወስዳል፤ ከዓመት በላይም ይሄዳል። «አልተገኘም» የሚል ከመጣ የስም አጻጻፉን ወይም ቀኑን አርማችሁ እንደገና አቅርቡ። የኔ በሁለተኛው ነው የተገኘው። ስሙ በላቲን ተዛብቶ፣ የአባቱ ስም ቦታ ላይ የአያቱ ስም ገብቶ ነበር። የምርኮ ቁጥሩና የሞተበት ወር ግን ሽማግሌው ካሉት ጋር ገጠመ።

ከ2013 ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት የጠፋባችሁም በዚሁ በር ነው የምትገቡት። ገና ትኩስ ጉዳይ ስለሆነ የልጁን ክፍለ ጦርና ፎቶ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፤ በሕይወት ካለ ሊጎዳው ይችላል።

ስድስተኛ፦ መከላከያ

ለመከላከያ ሚኒስቴር በጽሑፍ አመልክቱ፤ የቅጥር፣ የዘመቻና የ«ጠፋ» ሪፖርት ካለ እንዲፈለግ። የቀድሞው ሠራዊት በ1983 የፈረሰ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማመልከቻው በሁለት ኮፒ ይሁንና አንዱ ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱበት። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ያለ ማኅተም የሰጠሁት ደብዳቤ ጠፍቶ እንደገና ጀምሬያለሁ።

ሰባተኛ፦ ፍርድ ቤት

ሁለት መንገድ አለ፤ አታምታቱት። የሞት ማረጋገጫ በእጃችሁ ካለ የምትጠይቁት ሞቱ እንዲረጋገጥላችሁና የወራሽነት ማስረጃ እንዲሰጣችሁ ነው። ምንም ወረቀት ከሌለ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 154 አለ፦ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚያገባው ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲወሰን ማመልከት ይችላል። ከተወሰነ ውርስ ይከፈታል፤ ጋብቻም ይፈርሳል። ስለዚህ ሚስቱ በሕይወት ካሉ ሳታማክሯቸው አታመልክቱ። የኔ አክስት ሌላ ባል ሳያገቡ ሸምግለዋል፤ ውሳኔው ለእሳቸው ወረቀት ብቻ አልነበረም። በችሎቱ ቀን ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ።

የጡረታ ጉዳይ ካለ የፍርዱን ግልባጭና የቀይ መስቀሉን ደብዳቤ ይዛችሁ ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ትሄዳላችሁ።

ስምንተኛ፦ መርዶና ፍትሐት

ወረቀቱ ሲመጣ ለሽማግሎች ብቻችሁን አትንገሩ። ስንት ዓመት ቢያልፍም መርዶ መርዶ ነው። እኛ የዕድሩን ሰዎችና የንስሐ አባታችንን ይዘን በማለዳ ነው አክስቴ ቤት የገባነው። ለቅሶ ተቀመጥን፤ ፎቶውን አወጣን፤ የአዘዞው ሽማግሌም መጥተው አሟሟቱን በሰው ፊት ተናገሩ። ሰው የሚያለቅሰው ታሪኩን ሲሰማ ነውና እንዲህ ያለውን ምስክር ብትጠሩ መልካም ነው።

መቃብሩን ሄዶ ማየት ዛሬ አይቻለንም። ሽማግሌው የሣሉትን ንድፍ ከፋይሉ ጋር አስቀምጠናል፤ አንዱን ኮፒ ለቀይ መስቀል ሰጥተናል።

አንድ ነገር ቀርቶን ነበር። አስከሬን ባይኖርም ጸሎተ ፍትሐት እንዲደርስለት ደብራችን ስንሄድ መሪጌታው «ስመ ክርስትናው ማን ነው?» አሉ። የምታውቀው አያቴ ነበረች። ደብተሬ ላይ ያ መስመር ባዶ ነበር፤ ለቢሮ አያስፈልግም ብዬ ትቼው። ተስፋ ቆርጠን ልንመለስ ስንል አባቴ የክርስትና አባቱ ቤት ትዝ አለው። ሰውየው አርፈዋል፤ ልጃቸው ግን አምባ ጊዮርጊስ አለች። ደወልንላት። «እኛ ቤት በዚያ ስም ነበር የሚጠራው» ብላ ነገረችን። መሪጌታው ጻፉት፤ ፍትሐቱም በዚያው ሳምንት ደረሰ።